ስለ ድረ ገጾቻችን መዘግየት

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ደባርቅ፣ ከዚያም ወደ ሰሜን ተራሮች የሚወስደውን መንገድ የያዘ ሰው ከተማውን ለቅቆ ብዙ ሳይርቅ ወለቃን ያገኛታል። ወለቃ የቤተ እስራኤል ወገኖቻችን ለብዙ ዘመን የኖሩባት፣ ወንዶቻቸው በብረት ሥራና በሽመና፣ ሴቶቻቸው በሸክላ ሥራ የታወቁባት መንደር ናት። ከቤተ እስራኤል ወገን ብዙው ሕዝብ በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል በተደረገው ስውር ጉዞ፣ በኋላም ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች በአንድ ቀን ተኩል ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን በተጓጓዙበት ዘመቻ ወደ እስራኤል ከሄደ ወዲህ፣ መንደሪቱ የሸክላውን ጥበብ እንደ ያዘች፣ በመንገዷ የሚያልፈውንም ጎብኚ እየተቀበለች ትኖራለች።

በዛሬው ዘመን ስለ ወለቃ ለማወቅ የሚሻ ሰው እንግዲህ ከሦስት ወገን ይመጣል። የመጀመሪያው በእስራኤል ተወልዶ ያደገ፣ አያቱ አፈር ቆፍራና አቡክታ ጀበናና ምጣድ ትሠራበት የነበረውን ቀዬ በዓይኑ ሳያይ በስሙ ብቻ የሚያውቅ ወጣት ነው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ መዝገብ ስለ ገባው ስለ ፋሲል ግቢ አንብቦ፣ ከቤተ መንግሥቱ ወደ ተራሮቹ ሲያልፍ በመንገዱ ምን እንደሚያገኝ በሩቅ አገር ሆኖ የሚያጠና መንገደኛ ነው። ሦስተኛው እዚያው ጎንደር ያለ አስጎብኚ፣ ተማሪ ወይም ነጋዴ ሲሆን፣ በብር የገዛውን የዳታ ጥቅል እየቆጠበ በእጅ ስልኩ የሚፈልግ ነው። እነዚህ ሦስቱ በቋንቋም፣ በሀብትም፣ በመሥመር ፍጥነትም የማይገናኙ ሲሆኑ በአንድ ነገር ግን ይተባበራሉ፤ ይኸውም የከፈቱት ገጽ ባዶ ነጭ ሆኖ ሲዘገይባቸው ትተውት የሚሄዱ መሆናቸው ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምከራከርለት ነገር አጭር ነው። ድረ ገጽ ያቆመ መሥሪያ ቤት፣ ሆቴል፣ ማኅበር ወይም ግለሰብ ሁሉ ስለ ገጹ ጌጥ ከማሰቡ አስቀድሞ ስለ ፍጥነቱ የማሰብ ዕዳ አለበት፤ የሚያባክነው ጊዜ የአንባቢው ነውና፣ የሚያቃጥለውም ገንዘብ ከአንባቢው ኪስ የሚወጣ ነውና። ይህንንም ዕዳ ለመክፈል የመጀመሪያው እርምጃ፣ ባለሙያዎች የካሽ ፕለጊን የሚሉትን፣ አንድ ጊዜ የተዘጋጀን ገጽ አስቀምጦ ለሚመጣው ሁሉ የሚሰጠውን፣ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ዋጋ የሚገኘውን ትንሽ መሣሪያ በሥርዓቱ መትከል ሆኖ ሳለ፣ ይህ ያልተደረገላቸው ገጾች በዙሪያችን መብዛታቸው ከአቅም ማነስ ይልቅ ከግዴለሽነት የመጣ ይመስለኛል።

የመዘግየቱን ምክንያት ለሚመረምር ሰው ሁለት ነገር ይገለጥለታል፤ አንዱ ርቀት፣ ሁለተኛው ከንቱ ድካም ነው። አገራችን የባሕር በር ስለሌላት ከእኛ ወደ ዓለም የሚወጣው የኢንተርኔት መሥመር እንደ ጅቡቲና እንደ ኬንያ ባሉ ጎረቤት አገሮች ምድር አልፎ ከባሕር በታች ከተዘረጉት ገመዶች ጋር ይገናኛል። ድረ ገጾቻችን ደግሞ በብዛት የሚቀመጡት በአውሮፓና በአሜሪካ በኪራይ በተያዙ ሰርቨሮች ላይ በመሆኑ፣ ጎንደር ተቀምጦ ስለ ጎንደር የሚያነብ ሰው ጥያቄው ውቅያኖስ ተሻግሮ መልሱን ይዞ እስኪመለስ ድረስ ይጠብቃል። ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ በአንድ ሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዝ ቢሆንም፣ ከአዲስ አበባ እስከ አሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ ያለውን ከ11 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ መንገድ ደርሶ ለመመለስ ከሰከንድ አንድ ዐሥረኛ የሚበልጥ ጊዜ ይፈጅበታል፤ ገመዱም ቀጥ ብሎ ስለማይሄድ እውነተኛው ጊዜ ከዚህ እጅግ ይረዝማል። አንድን ገጽ ለመክፈት ስልኩና ሰርቨሩ አድራሻ ለማወቅ፣ ግንኙነት ለመጀመር፣ የምስጢር ቁልፍ ለመለዋወጥ፣ በመጨረሻም ገጹን ለመጠየቅ ደጋግመው ስለሚመላለሱ፣ የመጀመሪያዋ ፊደል ከመታየቷ በፊት ግማሽ ሰከንድና ከዚያም በላይ ያልፋል። ይህ ድርሻ ከሰው ስንፍና የመጣ አይደለምና ማንንም አንወቅስበትም።

የሚያስወቅሰው ሁለተኛው ነው። ማት ሙለንዌግና ማይክ ሊትል ግንቦት 19 ቀን 1995 ዓ.ም. ለዓለም ያወጡት ዎርድፕሬስ የተባለው የድረ ገጽ ማዘጋጃ፣ ዛሬ በዓለም ካሉት ድረ ገጾች ከ10ሩ 4 ያህሉን የተሸከመ ሲሆን፣ በእኛም አገር የሆቴሉም፣ የበጎ አድራጎት ድርጅቱም፣ የጋዜጣውም፣ የአስጎብኚ ድርጅቱም ገጽ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው በእርሱ ነው። ዎርድፕሬስ ገጹን እንደ ተጻፈ ወረቀት አዘጋጅቶ አያስቀምጠውም። ጎብኚ በመጣ ቁጥር ሰርቨሩ ፒኤችፒ የተባለውን ፕሮግራም ያስነሣል፤ ፕሮግራሙም ከዳታቤዙ ርእሱን፣ ጽሑፉን፣ ማውጫውን፣ የጎን ዐምዱን፣ የግርጌ ማስታወሻውን በብዙ ጥያቄዎች አንድ በአንድ እየለቀመ ገጹን ከመሠረቱ ያንጸዋል፤ ከሰጠም በኋላ ያነጸውን አፍርሶ ይጥለዋል። ስለ ወለቃ ሸክላ ሠሪዎች የተጻፈ፣ ስድስት ወር ሙሉ አንዲት ፊደል ያልተለወጠችበት ገጽ እንኳ ሺህ ሰው ቢያየው ሺህ ጊዜ ይታነጻል፤ ሺህ ጊዜ ይፈርሳል። በርካሽ ኪራይ ብዙ ድረ ገጾች ተጋፍተው በሚኖሩበት ሰርቨር ላይ ይህ ድካም ሁለትና ሦስት ሰከንድ መፍጀቱ፣ ጎብኚም በአንድ ጊዜ ሲበዛ ሰርቨሩ ጭራሽ መልስ መስጠቱን መተዉ አያስገርምም።

የዚህ ድካም መድኃኒት በመሠረቱ ለእኛ እንግዳ የሆነ ጥበብ አይደለም። የቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንት በባሕረ ሐሳብ የዘመኑን ወንበር፣ አበቅቴና መጥቅዕ አስልተው የነነዌን ጾም፣ የዐቢይ ጾምን መግቢያና የትንሣኤን ቀን የሚወስኑት በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ ምእመናን ሁሉ በየማለዳው ዓመተ ዓለሙን ለ19 እያካፈሉ፣ አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 መሙላታቸውን እያረጋገጡ የዕለቱን ጾም እንዲያውቁ ማንም አላዘዛቸውም። ስሌቱ በሚያውቅ ሰው አንድ ጊዜ ይፈጸማል፤ ውጤቱ ተጽፎ ለሁሉ ይታደላል፤ ዓመቱም ሲለወጥ የዓምናው ተሽሮ አዲስ ይሰላል። የካሽ ሕግ ይኸው ነው። መጀመሪያ የመጣው ጎብኚ ገጹ እስኪታነጽ ይጠብቃል፤ የታነጸው ገጽ ግን እንደ ፋይል ሆኖ ይቀመጥና ከእርሱ በኋላ ለሚመጡት ሁሉ ያለ ፒኤችፒና ያለ ዳታቤዝ ወዲያው ይሰጣል፤ የተወሰነለት ዘመን ሲያልፍ ወይም ጽሑፉ ሲታረም አሮጌው ይሻራል። በኮምፒውተር ዓለም ይህ ሐሳብ ከድረ ገጾቻችን ሁሉ ዕድሜ የሚበልጥ ነው፤ የካምብሪጁ ሊቅ ሞሪስ ዊልክስ ለኮምፒውተር ፈጣን ረዳት ማኅደር እንደሚያስፈልገው እ.ኤ.አ. በ1965 ጽፏል፤ አይቢኤምም ከሦስት ዓመት በኋላ ይህንኑ በመሣሪያው ውስጥ አስገብቶ ለገበያ አቅርቧል።

ለዎርድፕሬስ ከተዘጋጁት ከእነዚህ ፕለጊኖች መካከል ደብልዩፒ ሱፐር ካሽ ያለ ዋጋ የሚገኝ፣ ብዙ ማስተካከያ የማይጠይቅና ለጀማሪ የሚስማማ ነው። ደብልዩ3 ቶታል ካሽም በነጻ የሚገኝ ሲሆን፣ ቅንብሮቹ እጅግ ስለሚበዙ የሚያውቀው ሰው ይፈልጋል። ላይትስፒድ ካሽ በስሙ በተጠራው ሰርቨር ላይ ሲሆን ብርቱ ነው፤ ሰርቨሩ ሌላ ዓይነት ከሆነ ግን ዋና ኀይሉ የሆነው ገጽን የማስቀመጥ ሥራ በዚያ ሰርቨር ላይ አይሠራም። ደብልዩፒ ሮኬት በየዓመቱ በዶላር የሚከፈልበት በመሆኑ፣ የውጭ ምንዛሪ ካርድ ለማግኘት ለሚቸገረው ለአገራችን ባለ ድረ ገጽ መንገዱ ጠባብ ነው፤ ቢሆንም የነጻዎቹ ጥቅም ለአንድ የጎንደር ሆቴል ወይም ለአንድ የሸክላ ሠሪዎች ማኅበር ገጽ ከበቂ በላይ ነውና፣ ገንዘብ ማጣት በዚህ ነገር ሰበብ ሊሆን አይገባውም።

ደግሞም የተቀመጠው ነገር በሰርቨሩ ዘንድ ብቻ አይቀርም። ፕለጊኑ ለአንባቢው ብራውዘር ትእዛዝ ይሰጣል፤ የድርጅቱን ዓርማ፣ የገጹን መልክ የሚወስኑትን ፋይሎች፣ ሥዕሎቹንም ለአንድ ወር ወይም ለአንድ ዓመት በስልክህ አስቀምጥ ይለዋል። ከዚያ በኋላ አንባቢው ከገጽ ወደ ገጽ ሲሻገር እነዚህ ነገሮች ዳግመኛ አይወርዱም፤ ብራውዘሩ ስለ አንድ ፋይል ቢጠራጠርና ቢጠይቅም ሰርቨሩ አልተለወጠም የሚል እጅግ አጭር መልስ ሰጥቶ ያሰናብተዋል። ለዚያ ዳታውን ለሚቆጥብ የጎንደር ተማሪ ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅም ይህ ነው። ሩቅ ላሉት ደግሞ እንደ ክላውድፍሌር ያሉ ድርጅቶች የገጹን ቅጂ በልዩ ልዩ አገሮች በሚገኙ ሰርቨሮቻቸው ስለሚያኖሩ፣ በእስራኤል ያለው ወጣት ቅጂውን ከአሜሪካ ሳይጠብቅ ከቅርቡ ይቀበላል፤ የርቀቱም ዕዳ በዚህ መንገድ ይቀልለታል። የእነዚህም አገልግሎት መጀመሪያው ደረጃ በነጻ የሚሰጥ ነው።

ነገር ግን የካሽ ፕለጊን የሁሉ ነገር ፈውስ ነው ብሎ የሚሰብክ ሰው ቢኖር ገበያተኛ ነው። ፕለጊኑ ሰርቨሩን ከከንቱ ድካም ያድነዋል እንጂ የሥዕሎቹን ክብደት በራሱ አይቀንስም። የፋሲልን ቤተ መንግሥት ከካሜራ እንደ ወጣ 5 ሜጋ ባይት በሚመዝን ፎቶግራፍ በፊት ገጹ ላይ የለጠፈ ሆቴል፣ በሰከንድ 2 ሜጋ ቢት በሚያስተላልፍ መሥመር ለሚያነብ ሰው ለዚያ ፎቶግራፍ ብቻ 20 ሰከንድ ያስጠብቀዋል፤ ያንኑ ፎቶግራፍ ለስልክ በሚበቃ ስፋት አሳንሶ ዌብፒ በተባለው ቅርጽ 200 ኪሎ ባይት ቢያደርገው ግን ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይደርሳል። ካሽ ያለው ሰርቨር ከባዱን ፎቶግራፍ ቶሎ መላክ ቢጀምርም ቶሎ አይጨርሰውም። በጎንደርና በአካባቢዋ ስላሉት ስፍራዎች የሚሠሩ ገጾች ከጽሑፍ ይልቅ በፎቶግራፍ የሚመኩ ናቸውና፣ ይህ ማስጠንቀቂያ ከሌላው ይልቅ ለእነርሱ ይገባል።

የፊደላችንም ነገር በዚሁ ስፍራ ሊታሰብ የሚገባው ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ፊደላችን የራሱን መደብ ካገኘ ወዲህ በድረ ገጽ መጻፍ ቀሎናል፤ ሆኖም በተለመደው የጽሕፈት ኮድ አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲይዝ አንዱ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ከዚህ የተነሣ የአማርኛ ድረ ገጽ በተፈጥሮው ከባድ ነው የሚሉ አሉ፤ ግን አይደለም። ይህ አንባቢ በእጁ የያዘው ጽሑፍ በሙሉ ወደ ድረ ገጽ ቢገባ 50 ኪሎ ባይት አይሞላም፤ ከካሽ ፕለጊኑ ጋር አብሮ በሚገኘው የማመቂያ ስልት ተጨምቆ ሲላክማ ከዚያም እጅግ ያንሳል። እውነተኛው ሸክም ከፊደሉ ቅርጽ ጋር ይመጣል። የላቲን ፊደል ጥቂት ቅርጾች ሲበቁት የእኛው ከ300 በላይ ቅርጾች ስለሚያስፈልጉት፣ ለጌጥ ሲባል ሁለትና ሦስት ዓይነት የግእዝ ፎንት ከሰርቨር እንዲወርድ የሚያደርግ ገጽ፣ ጽሑፉ ራሱ ከሚመዝነው ብዙ እጥፍ የሆነ ጭነት በአንባቢው ላይ ይጭናል። ዛሬ የሚሸጡት ስልኮች ሁሉ ማለት ይቻላል የግእዝን ፊደል አብረው ይዘው ስለሚመጡ፣ ለተራ ንባብ በስልኩ ባለው ፊደል መጠቀም ትሕትናም ቁጠባም ነው።

አሁን ወደ አደጋው እንምጣ፤ ምክንያቱም ያለ ማስተዋል የተተከለ ካሽ ከዝግታ የከፋ ጥፋት ሊያመጣ ይችላል። ለሁሉ አንድ የሆነውን ገጽ ማስቀመጥ በጎ ነው፤ የአንዱ ሰው ብቻ የሆነውን ገጽ አስቀምጦ ለሌላው መስጠት ግን ምስጢርን አሳልፎ መስጠት ነው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 25 ቀን 2015 ስቲም የተባለው ታላቅ የኮምፒውተር ጨዋታ መደብር፣ በካሽ ቅንብር ስሕተት ምክንያት የአንዱን ደንበኛ የግል ገጽ ለሌላው አሳይቶ፣ 34 ሺህ ያህል ሰዎች የግል ዝርዝራቸው ለማያውቁት ሰው ሊታይ እንደ ቻለ ድርጅቱ ራሱ ገልጿል። እንዲህ ባለ ባለጸጋ ድርጅት የደረሰ ነገር በአንድ ሎጅ የመኝታ መያዣ ገጽ ላይ የማይደርስበት ምክንያት የለም። ስለዚህ የመግቢያ ገጽ፣ የክፍያ ገጽ፣ የግዢ ቅርጫት፣ ክፍል መያዣ ቅጽ፣ እነዚህ ሁሉ ከካሽ ውጭ ይሆኑ ዘንድ በፕለጊኑ ውስጥ በስማቸው መመዝገብ አለባቸው። አንዳንድ የታወቁ ፕለጊኖች የሽያጭ ገጾችን ራሳቸው ለይተው ይተዋሉ፤ ነገር ግን በመሣሪያው ታምኖ ሳይመረምሩ መተኛት የሞኝ ሥራ ነው።

ሁለተኛው አደጋ ያረጀ ቃል ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ዋጋ ሲለወጥ፣ ወደ ደባርቅ የሚያልፈው መንገድ ሲዘጋ ወይም ሲከፈት፣ የወለቃ ሸክላ ሠሪዎች ዋጋቸውን ሲያሻሽሉ፣ ገጹን የሚጽፈው ሰው ጽሑፉን ቢያርምም የተቀመጠው አሮጌ ቅጂ ለአንባቢው መሰጠቱን ሊቀጥል ይችላል። ጥሩ ፕለጊን አንድ ጽሑፍ ሲታረም የዚያን ገጽ ቅጂ በራሱ ይሽራል፤ ከፊት ለፊቱ እንደ ክላውድፍሌር ያለ ሌላ ቅጂ አስቀማጭ ካለ ግን ያኛውም ይሻር ዘንድ መታዘዝ አለበት። ሦስተኛው አደጋ መደራረብ ነው። ከአንድ በላይ የካሽ ፕለጊን በአንድ ድረ ገጽ ላይ የሚተክሉ ሰዎች ፍጥነቱ በእጥፍ የሚጨምር ይመስላቸዋል፤ ሁለቱ ግን በአንድ ፋይል ላይ እየተጋጩ፣ አንዱ የሻረውን ሌላው እያጸና ባለቤቱን ግራ ያጋቡታል። አንድ ይበቃል።

በዚህ ነገር የሚቃወሙኝ ሁለት ወገኖች እንዳሉ አውቃለሁ። የመጀመሪያዎቹ፣ ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. ወደ አገራችን በቀጭን መሥመር ከገባ ወዲህ ብዙ ተራምደናል፤ ኢትዮ ቴሌኮም መሥመሩን እያሰፋ፣ ከመስከረም 2015 ዓ.ም. ጀምሮም ሳፋሪኮም ተወዳዳሪ ሆኖ እየሠራ ነው፤ በአዲስ አበባ የአይሲቲ ፓርክ ውስጥም የግል ዳታ ማዕከሎች ተቋቁመዋል፤ ስለዚህ ጥቂት ብንታገሥ ችግሩ በራሱ ይወገዳል ይላሉ። መልሴ ይህ ነው፤ መሥመሩ በሰፋ ቁጥር ገጽ ሠሪዎች ገጹን ያከብዱታል፤ ዳታም በሜጋ ባይት እስከ ተሸጠ ድረስ ፈጣን መሥመር ከባዱን ገጽ ቶሎ ያስከፍላል እንጂ ርካሽ አያደርገውም። ሦስት ሰከንድ የሚደክም ሰርቨርም የስልኩ መሥመር አምስተኛ ትውልድ ቢሆንም ሦስት ሰከንድ ይደክማል።

ሁለተኛዎቹ ወገኖች፣ ሕዝቡ ድረ ገጽን ትቶ ወደ ቴሌግራምና ወደ ፌስቡክ ሄዷልና ስለ ድረ ገጽ መጨነቅ ምን ይረባል ይላሉ። እውነት ነው፤ ሄዷል። ግን ለምን ሄደ? ቴሌግራም በደካማ መሥመር ላይ ቶሎ ይከፈታል፤ አንድ ጊዜ ያየኸውን ሥዕልም በስልክህ አኑሮ ዳግመኛ አያስከፍልህም፤ ይኸውም ራሱ ካሽ ነው። ሕዝቡ ቀላሉን መርጦ ከከባዱ ሸሸ፤ መሥሪያ ቤቶቻችንም ሕዝቡን ተከትለው ማስታወቂያቸውን፣ መመሪያቸውን፣ የጨረታ ጥሪያቸውን፣ የታሪክ ጽሑፋቸውን በዚያው አፈሰሱት። ውጤቱ ምን ሆነ ቢባል፣ በአንድ ቻናል ላይ የተለጠፈ ጉዳይ በሳምንቱ ከሌሎች መቶ ልጥፎች በታች ተቀብሮ፣ በርእስ ሳይመደብ፣ በዘመን ሳይሰደር፣ በጎግል ለሚፈልገውም ሳይገኝ ይቀራል። ከሁለት ዓመት በኋላ የከተማውን አንድ ውሳኔ የሚፈልግ ዜጋ፣ ስለ ወለቃ ጥናት የሚያደርግ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪም ቢሆን የሚመረምረው መዝገብ አያገኝም። የድረ ገጾቻችን ዝግታ ያስከፈለን ትልቁ ዋጋ ከሰከንዶቹ ይልቅ ይህ የመዝገብ መበተን ነው፤ ቤተ መዛግብት ለመሆን የሚችለው ስፍራ በዝግታው ባዶውን ቀረ።

የሕዝብ ብዛት በአንድ ሰዓት ሲመጣ የሚሆነውንም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በሚለቀቅበት ቀን በየዓመቱ እናያለን። በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ተፈታኞችና ወላጆቻቸው በአንድ ጊዜ አንዱን ደጅ ያንኳኳሉ፤ ገጹ ይጨናነቃል፤ ለዚህም በአጭር መልእክትና በቴሌግራም ውጤት መስጠት ተጨምሯል። የተፈታኙ ውጤት የግሉ ስለ ሆነ ለሁሉ በሚታይ ካሽ ሊቀመጥ አይገባውም፤ ሆኖም አንድ ጊዜ ከተወሰነ በኋላ በየደቂቃው የማይለወጥ ነገር ነውና፣ ለእያንዳንዱ ተፈታኝ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ በቁልፉ ብቻ የሚከፈት ፋይል ሆኖ ሊቆይ ይችላል። የመግቢያው ገጽና መመሪያውም ለሁሉ አንድ ስለሆኑ ያለ ዳታቤዝ ሊሰጡ ይችላሉ። እንዲህ ሲሆን ሰርቨሩ የሚደክመው በእውነት ሊደክምበት በሚገባው ነገር ብቻ ይሆናል። የዊኪፔዲያ ሰርቨሮች፣ የአማርኛውን እትም ጨምሮ፣ ያን ሁሉ የዓለም አንባቢ የሚችሉት በዚህ ዓይነት ጥበብ ነው፤ ስሙን ሳያስገባ ለማንበብ ብቻ የሚመጣው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚቀበለው አስቀድሞ የተዘጋጀውን ቅጂ ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል የጥበቡን ወሰን መሸሸግ አይገባም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ በቆየበት ጊዜ የትኛውም ፕለጊን የጎንደርን አስጎብኚ ከደንበኛው ጋር ሊያገናኘው አልቻለም። የተዘጋ በር በቅባት አይከፈትም፤ ያ ጉዳይ ከባለሙያ እጅ ወጥቶ በመንግሥትና በሕዝብ መካከል የሚመከር ነው። ይሁን እንጂ መሥመሩ በተከፈተ ጊዜ የተገኘውን ያን ጥቂት አቅም በከንቱ አለማባከን በእጃችን ያለ ነገር ነው።

ስለዚህ በጎንደርና በአካባቢዋ ድረ ገጽ የሚያሠሩ የቱሪዝም መሥሪያ ቤቶች፣ ሆቴሎች፣ ትምህርት ቤቶችና የእደ ጥበብ ማኅበራት ከሠሪው ጋር በሚፈራረሙት ውል ውስጥ እነዚህን አራት አንቀጾች እንዲያስገቡ እመክራለሁ። አንደኛ፣ ገጹ የሚመረመረው በአዲስ አበባ በሠሪው ቢሮ ባለ ፈጣን መሥመር ሳይሆን ጎንደር ላይ፣ በተራ ስልክ፣ በሞባይል ዳታ ይሁን፤ መለኪያውም ጎግል ራሱ ለዓለም ያወጣው ይሁን፤ ይኸውም ሰርቨሩ በ0.8 ሰከንድ ውስጥ መልስ እንዲጀምር፣ ዋናው ይዘትም በ2.5 ሰከንድ ውስጥ እንዲታይ የሚለው ነው። ሁለተኛ፣ የፊት ገጹ ሥዕሉም ፎንቱም ተቈጥሮ በጠቅላላው ከ1 ሜጋ ባይት አይብለጥ። ሦስተኛ፣ አንድ የካሽ ፕለጊን ብቻ ይተከል፤ በካሽ የማይገቡት ገጾችም ስማቸው በጽሑፍ ለባለቤቱ ይሰጥ። አራተኛ፣ ሠሪው ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ ጽሑፍ ማረምንና አሮጌ ቅጂ መሻርን የሚያውቅ አንድ ሠራተኛ በመሥሪያ ቤቱ አሠልጥኖ ይተው፤ ባለቤት የሌለው ፍጥነት ዓመት አይቆይምና።

ከእነዚህ ውስጥ የውጭ ምንዛሪ፣ አዲስ መሣሪያ ወይም የመንግሥት ፈቃድ የሚጠይቅ የለም፤ በግማሽ ቀን የሚጀመር፣ በሳምንት የሚያልቅ ሥራ ነው። የመሥመሩን መስፋት፣ መርከስና አለመቋረጥ ከባለቤቶቹ መጠየቃችን ተገቢ ነው፤ ግን ይህን ጥያቄ ደፍሮ ለማንሣት የሚችለው በራሱ ሰርቨር ላይ የሚባክነውን ሰከንድ አስቀድሞ ያስወገደ ሰው ነው።